ሦስቱ የዳር ጥቅሎች

ያለምወርቅ ከሌኒንግራድ ለሦስት ሳምንት መጥታ ዳባት መግባቷን የሰማሁት ደባርቅ ላይ፣ የዘጠነኛ ክፍል የፊዚክስ ፈተና ሳርም ነው። ወሬውን ያመጣው የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር ጓድ ሻረው ሲሆን፣ የነገረኝም እንደ ምሥራች ነበር። «አብሮ አደግሽ መጣችልሽ» አለኝ። ደስ እንዳለኝ ገለጽኩለትና ከፊቴ የነበሩትን አራት ወረቀቶች ከሚገባቸው በታች አረምኳቸው። የልጆቹን ነጥብ በማግስቱ መልሼላቸዋለሁ፤ ቅናቴ ግን ከእኔው ጋር አደረ።

ጊዜው ጥር 1976 ዓ.ም. ነበር። ያለምወርቅና እኔ ዳባት ውስጥ አጥር ለአጥር አድገን፣ ጎንደር አብረን ተምረን፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በፊዚክስ ክፍል ከነበርነው አራት ሴቶች ሁለቱ ነበርን። መንግሥት ለተጨማሪ ትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት በላከን ጊዜም የተኛነው በአንድ ክፍል ውስጥ ነው። የተመደብነው ፕላዝማ በሚያጠና ላቦራቶሪ ነበር። ጋዝ እጅግ ሲግል አተሞቹ ይፈራርሱና አዮኖችና ኤሌክትሮኖች ይሆናሉ፤ ፀሐይ ራሷ እንዲህ ያለ ጋዝ ናት። ያንን እሳት በምድር ላይ ማንደድ የሚፈልግ ሰው ችግሩ መያዣ ማጣቱ ነው፤ እሳቱ የነካውን ዕቃ ሁሉ ያቀልጠዋልና። ስለዚህ በማግኔት መስክ አቅፎ ሊይዘው ይሞክራል። መስኩ ደግሞ በዓይን አይታይም። ወዴት እንደሚያመራ፣ አዮኖቹም ወዴት እንደሚፈሱ ለማወቅ መለኪያ ወደ ውስጥ መስደድ ያስፈልጋል።

የእኛ መለኪያ ከእርሳስ የቀጠነ የብርጭቆ ቧንቧ ነበር። ፀጉር የሚያህል የመዳብ ሽቦ በእጅ እየተጠመጠመ ዐሥር ትንንሽ ጥቅሎች በተርታ ይሠሩበታል። ፕላዝማው ሲፈነዳ በእያንዳንዱ ጥቅል ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምት ያልፋል፤ ምቱ በመመዝገቢያው ወረቀት ወደ ላይ ከተሳለ መስኩ ወደ ፊት ነው፣ ወደ ታች ከተሳለ ወደ ኋላ። ሥራው ሁሉ ከዚህ በላይ አልነበረም፤ ከዚህ በታችም አልነበረም።

በሁለተኛው ዓመት ማብቂያ ለዶክትሬት የሚቀረው አንድ ሰው ብቻ መሆኑ ተነገረን። በቀመር እኔ እበልጣት ነበር፤ ውጤታችን በይፋ ይለጠፍ ስለ ነበር ይህን የሚክድ አይገኝም። ሽማግሌው አስተማሪያችን ግን ለሁለታችንም እኩል ሽቦና ቧንቧ ሰጡን። የእኔ ሽቦ ሦስት ጊዜ ተበጠሰ። የስፌት ባለሙያ ልጅ የሆነችው ያለምወርቅ ዐሥሩንም ጥቅሎች እያንጎራጎረች ጨረሰች። ሽማግሌው ሥራዋን በአጉሊ መነጽር ካዩ በኋላ እጇን ይዘው ወደ ላይ አንሥተው ለባልደረቦቻቸው አሳዩ። ያ እጅ ወደ ላይ ሲነሣ እኔ የራሴን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

እርሷ እዚያው ቀረች፤ እኔ ማስተርሴን ይዤ ተመልሼ ደባርቅ ተመደብኩ። ደባርቅን ወድጄዋለሁ፤ ብርዱንም ቢሆን ለምጄው ነው የመጣሁት። ሆኖም ለተማሪዎቼ ስለ ማግኔት ባስተማርኩ ቁጥር፣ በዚያች ሰዓት ያለምወርቅ የምታየውን እኔ በጠመኔ እየሳልኩ መሆኔን አልረሳም ነበር።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥቼ ዳባት ወረድኩ። እናቷ ወይዘሮ ታየች በጽኑ ታመዋል ተብሎ ተጽፎላት ነበር የመጣችው። እርሳቸው ግን ከደጃፋቸው ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው አለላ ይመርጣሉ።

«ታመዋል ተብዬ ልጠይቅዎ ነበር የመጣሁት፣ እማማ» አልኳቸው።

«ታምሜስ ነበር። ደብዳቤው ያን ሁሉ አገር እስኪያቋርጥ ዳንኩ። እንግዲህ ልጄ እንዳታፍር ብዬ እንደ ገና ልተኛ?»

ያለምወርቅ ከውስጥ ወጣች። የሩሲያ የጠጉር ቆብ አጥልቃለች።

«በዚህ ፀሐይ ይህን ደፍተሽ ማንን ልታስደንቂ ነው?» አልኳት።

«አንችን» አለችና አቅፋ ሳመችኝ። «ሌላውማ ፍየል ነው እያለ ይስቅብኛል።»

ሳቅኩ። ከእርሷ ጋር ሁልጊዜ እስቃለሁ፤ ቅናቴን ከባድ ያደረገውም ይኸው ነበር። በሚጠሉት ሰው መቅናት ቀላል ነገር ነው።

ከጥቂት ጨዋታ በኋላ ወደ ውስጥ አስገብታኝ ሁለት የተጠቀለሉ ወረቀቶች አልጋው ላይ ዘረጋች። በሁለቱም ራስጌ ስሟ በሩሲያ ፊደል ተተይቧል። ከሥዕሉ በፊት ያየሁት ስሙን ነው።

«ይኸው የማግኔቱ መስክ» አለች። «በመጀመሪያዎቹ ሰባት ጥቅሎች ላይ ወደ ኋላ ነው። በመጨረሻዎቹ ሦስት ላይ ወደ ፊት ይገለበጣል። ይገባሻል? ጫፉ ላይ ተመልሶ ይዘጋል። ፕላዝማው እንደ እናቴ ሙዳይ ክዳን አገኘ ማለት ነው። በእኛ መሣሪያ ይህን ያየ ሰው የለም።»

ገብቶኛል። መስኩ በራሱ ላይ ከተዘጋ እሳቱን ይይዘዋል። በዚህ ላይ የተጻፈ የዶክትሬት ጽሑፍ ስሟን ከላቦራቶሪው አውጥቶ ሌላ አገር ያደርሰዋል። እኔን የሚያደርሰኝ የለም።

«ታዲያ ምን ሆንሽ?» አልኳት፤ ፊቷ እንደ ወሬዋ አልነበረም።

ሁለተኛውን ወረቀት ወደ እኔ ገፋችው። የአዮኖቹ ፍሰት ነው። የሚለካው ሁለት ፊት ባለው ሌላ መለኪያ ነው፤ አንደኛው ፊት ከፊት የሚመጡትን አዮኖች፣ ሁለተኛው ከኋላ የሚመጡትን ይቀበላል፤ ልዩነታቸው ፍሰቱ ወዴት እንደ ሆነ ይናገራል። አዮኖቹ ክዳኑ ተዘጋ ከተባለበት ስፍራ ደርሰው ሳይመለሱ፣ ዝም ብለው አልፈው ይሄዳሉ።

«የአዮን መለኪያሽ ተበላሽቶ ይሆናል» አልኳት። ሥራዋ ሁሉ እንዲበላሽባት እየተመኘሁ ነበር የተናገርኩት።

«አራት ጊዜ ቀየርኩት። የማግኔቱንም ጥቅሎች ሁሉ በተለዋዋጭ የኤሌክትሪክ ጅረት ፈትሻቸዋለሁ፤ ሁሉም ልክ ናቸው። ጽሑፌን የምከላከለው ሚያዝያ ላይ ነው፣ ስንዱ። በቀመር ከድሮም ትበልጭኛለሽ። እስቲ እዪልኝ።»

አየሁላት። ሳምንቱን ሙሉ አሰብኩበት፤ አልታየኝም። አልታየኝም ስል በጣም ተናድጄ እንደ ነበርም ልጨምር፤ እርሷን መርዳት ስላቃተኝ ሳይሆን፣ የተሰጠኝ አንድ ጥያቄ እንኳን ሊያቅተኝ ነው በማለት።

የታየኝ በቃና ዘገሊላ ዕለት ነው። ለጥምቀት ዳባት ወርጄ አድሬ ነበርና በማግስቱ ወደ ቤታቸው ጎራ አልኩ። እናትና ልጅ ግድግዳቸውን ተደግፈው ጎን ለጎን ይሠራሉ። ወይዘሮ ታየች ወስፌያቸውን ይዘው ሙዳይ ይሰፋሉ። ያለምወርቅ ደግሞ አጉሊ መነጽር ዓይኗ ላይ አድርጋ አዲስ ቧንቧ ላይ ሽቦ ትጠመጥማለች፤ አሮጌው መለኪያ በፕላዝማው ተቃጥሎ ስለ ነበር የሚተካውን ሠርታ ልትመለስ ነው።

«ሁለታችሁም አንድ ሙያ ይዛችኋል» አልኩ።

«የእርሷስ እህል አይከተትበትም» አሉ እናቷ።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሙዳዩ አካልና ክዳን አለው። ወይዘሮ ታየች አካሉን ጨርሰው ክዳኑን ጀምረዋል፤ የጨረሱትን በጀመሩት ላይ አፍ ለአፍ ገጥመው አዩት። በአካሉ ላይ ያለው ቀይ አለላ ወደ ቀኝ ሲዞር የክዳኑ ወደ ግራ ይዞራል።

«ክዳኑን በግራ እጅዎ ነው የሚሰፉት?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ኧረ በምን እጄ። እጄ የሚያውቀው አንድ መንገድ ነው። ሁለቱንም አንድ ዓይነት እሰፋቸዋለሁ፤ አፍ ለአፍ ስትገጥሚያቸው ግን አንዱ ዞሮ ስለሚቆም ተቃራኒ ይሆናል። እንዲያ ካልሆነ ዓይን አይሞላም። ይቺንም ያስተማርኳት ይህንኑ ነው፦ አካሉን ከዚህ፣ ክዳኑን ከዚያ።»

በዚያው ቅጽበት ያለምወርቅ ሰባተኛውን ጥቅል ጨርሳ ሽቦውን ቆረጠች። ከዚያ ቧንቧውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዞረችው፤ የሩቁ ራስ ወደ እርሷ መጣ። ዐሥረኛውን ጥቅል ከዚያኛው ዳር በዚያው በለመደችው እጅ መጠምጠም ጀመረች። እንደ ሰባቱ ሁሉ መነሻውን ቀይ ቀለም፣ መጨረሻውን ጥቁር ቀባችው። ቀጥላ ዘጠነኛውን፣ ቀጥላ ስምንተኛውን። ሦስቱ ከዳር የመጡት ጥቅሎች ከሰባቱ ጋር ሲነጻጸሩ ወደ ግራ የዞሩ ናቸው። አንድ ዓይነት መስክ ቢያልፍባቸው ሰባቱ ወደ ታች ሲሉ ሦስቱ ወደ ላይ ይላሉ። አሮጌውንም መለኪያ የሠራችው በዚያው እጅ ነው።

በሌኒንግራድ ውስጥ ይህን የሚሳሳት አልነበረም፤ እዚያ ያሉት ሁሉ ከአንድ ወገን ጀምረው እስከ መጨረሻው ይጠመጥማሉ። ይህን ሊሳሳት የሚችለው ዳባት ውስጥ ሙዳይ ሲሰፋ ያደገ እጅ ብቻ ነው። ያ ሽማግሌ ወደ ላይ ያነሡት እጅ።

መስኩ አልተገለበጠም። ክዳን የለም። አዮኖቹ የሄዱት መሄጃ ስለ ነበራቸው ነው።

«ምን አየሽ፣ ልጄ? ፊትሽ በራ» አሉኝ ወይዘሮ ታየች።

«ስፌትዎ አማረኝ» አልኳቸው።

ያለምወርቅ አንገቷን ሳታነሣ «ስለ ወረቀቱስ አሰብሽበት?» አለችኝ።

«አሰብኩበት። ምንም አልታየኝም።»

ወደ ደባርቅ በምመለስበት አውቶቡስ ውስጥ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። ሚያዝያን በዓይነ ኅሊናዬ አየሁት። ከፈተና ኮሚቴው አንዱ ይነሣና «ጥቅሎቹን በምን አቅጣጫ ነው የጠመጠሙት?» ይላታል። እርሷም ትመልሳለች፤ ጽሑፏም ይወድቃል። ከዚያ ያለ ዶክትሬት ትመጣለች። ትምህርት ሚኒስቴር ደባርቅ ይመድባታል። ቤቴ ሁለት ክፍል ስለ ሆነ አንዱን እሰጣታለሁ። ደግ እሆንላታለሁ። የስምንተኛ ክፍሎችን ማግኔት እንድታስተምርም እፈቅድላታለሁ። እስከ ወቅን ከተማ ድረስ እንዲህ እያልኩ ደግነቴን አበዛሁት።

ዐሥራ አንድ ቀን ዝም አልኩ።

በመሄጃዋ ዋዜማ ጓድ ሻረው ለተማሪዎች ንግግር እንድታደርግ ጋብዟት ነበርና ጧት ከዳባት መጣች። ደባርቅ መግቢያ ላይ ያለው የፍተሻ ኬላ ግን ያዛት፤ ቧንቧውን ለልጆቹ ልታሳይ ይዛው ኖሯል። አስጠሩኝ። ስደርስ ይግዛው የሚባለው የሚሊሺያ ጓድ ቧንቧውን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ይዞታል።

«ጓዲት ስንዱ፣ ይቺን ሴት ያውቋታል?»

«አብሮ አደጌ ናት።»

«ይህንስ? ሽቦ አለበት። መገናኛ ሬዲዮ ነው እንዳንል አይናገርም። እርሷ የፀሐይ እሳት መለኪያ ነው ትላለች። ደረስጌ ያሉት አጎቴ ፀሐይን የሚለኩት በጥላቸው ነው።»

«አጎትህ ትክክል ናቸው» አለች ያለምወርቅ። «እኔ የተማርኩት ጥላ በሌለበት አገር ስለ ሆነ ነው።»

ይግዛው ሳቁን ዋጠ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ አላውቀውም ብል ቧንቧው ወደ አውራጃ ጽሕፈት ቤት፣ ያለምወርቅም ከኋላው ትሄድ ነበር። እንዲህ ያለ ክፋት አልተሰማኝም፤ ወይም ሚያዝያ እየመጣ ስለ ነበር አልቸኮልኩም። «የትምህርት መሣሪያ ነው፤ እኔ እፈርምበታለሁ» አልኩና ፈረምኩ።

ስልሳ ሁለት ተማሪዎች ሦስት ሦስት ሆነው በየዴስኩ ተጨናንቀው ጠበቋት። እኔ ከኋላ ቆምኩ። ያለምወርቅ ስታስተምር አይቼ አላውቅም ነበር፤ እኔ ከምችለው በላይ ትችላለች። ፕላዝማውን ሳለች፣ በዙሪያው የመስኩን መስመሮች ሳለች፣ ጫፉ ላይ አዙራ ዘጋቻቸው። «ክዳን አለው» አለች፤ ልጆቹም «አዎ» አሉ። በእኔ ክፍለ ጊዜ እንደዚያ ባንድ አፍ «አዎ» ብለው አያውቁም። ቀጥላ በሌላ ቀለም ጠመኔ የአዮኖቹን ቀስቶች ክዳኑን አቋርጠው ሲወጡ ሳለቻቸው።

ገበያነሽ የምትባል የዐሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ክዳኑ ከተዘጋ በየት ነው የወጡት?»

«ይህን ነው እኔም የማላውቀው» አለች ያለምወርቅ ፈገግ ብላ። ከዚያም ለልጅቷ እየተናገረች ወደ እኔ ዞረች። «ጥያቄ መጠየቅ ማን እንዳስተማረሽ አውቃለሁ። ልጆች፣ ስሙኝ። መምህርታችሁ ስንዱ ከእኔ ትበልጥ ነበር። እዚያ መቅረት የነበረባት እርሷ ናት። ዕድሏ ሆነና እዚህ ቀረች።»

ስልሳ ሁለት አንገት ወደ ኋላ ተጠመዘዘ። ልጆቹ በሐዘኔታ አዩኝ። በሦስት ዓመት ውስጥ ተማሪዎቼ ፈርተውኛል፣ ተሰላችተውብኛል፣ ስቀውብኛልም፤ አዝነውልኝ ግን አያውቁም ነበር። እርሷም ስታዝንልኝ ከልቧ ነው፤ እንባ ሁሉ አቅርራለች።

እግሬ ራሱ ሄደ። ጠመኔውን ከእጇ ወሰድኩና የመስኩን ክዳን በእጄ ጠርጌ መስመሮቹን ቀጥ አድርጌ ሳልኳቸው።

«ክዳን የለም» አልኩ። «የመጨረሻዎቹ ሦስት ጥቅሎች ወደ ግራ ተጠምጥመዋል። ቧንቧውን አዙረሽ ከዚያኛው ዳር ስለ ጀመርሽ ነው። ወዲያና ወዲህ በሚመላለስ፣ በተለዋዋጭ ጅረት ስትፈትሺያቸው መጠናቸውን ይነግሩሻል እንጂ አቅጣጫቸውን አይነግሩሽም። አዮኖቹ ናቸው እውነቱን የነገሩሽ።»

ያለምወርቅ ቧንቧውን ከጠረጴዛው አንሥታ መስኮቱ አጠገብ ሄደች፤ አጉሊ መነጽሯን ዓይኗ ላይ አድርጋ ረጅም ጊዜ ቆየች። ስትመለስ ፊቷ እንደ ጠመኔው ነበር።

«መቼ አየሽው?» አለችኝ።

«አሁን። ስትስይው።»

አየችኝ። ከዚያ በሩሲያኛ፣ ልጆቹ እንዳይገባቸው፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ «ቧንቧውን ማዞሬ በሥዕሉ ላይ የለም። የጠመጠምኩት በእናቴ ደጃፍ ነው፤ አንችም አጠገቤ ነበርሽ» አለችኝ።

እርሷ ወደ ተማሪዎቹ ዞራ በአማርኛ «ልጆች፣ መምህርታችሁ ልክ ናት። የሁለት ዓመት ሥራዬ ተሳስቷል። አጨብጭቡላት» አለች። አጨበጨቡ። እንደዚያ ያለ ጭብጨባ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላገኘሁም፤ ሲጨበጨብልኝ ግን የማየው ጫማዬን ነበር።

ወደ መናኸሪያው አብረን ወረድን። አውቶቡሱ ገና አልሞላም ነበርና ከጎኑ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን።

«ዐሥራ አንድ ቀን» አለች።

«አዎ።»

«እኔ አንችን አምኜ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ልቆም ነበር።»

«አዎ።»

«ታዲያ ዛሬ ለምን ተናገርሽ? ሁለት ወር ብቻ ነበር የቀረሽ።»

«ስላዘንሽልኝ። ዝም ብል ኖሮ ከእኔ የበለጥሽ ሆነሽ ትሄጂ ነበር።»

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ከቦርሳዋ ምላጭ አወጣች። ስምንተኛውን፣ ዘጠነኛውንና ዐሥረኛውን ጥቅል በጥሳ ሽቦውን ጣለችው። ከዚያ የቧንቧውን አንድ ጫፍ ወደ እኔ ዘረጋች።

«ያዥ። እንዳላዞረው።»

ያዝኩ። እርሷ ጠመጠመች። ሹፌሩ ጥሩምባውን እስኪነፋ ድረስ አንዱ ጥቅል አለቀ፤ የቀሩትን ሁለቱን ለዳባት ትታ ተሳፈረች። አልሳመችኝም። በመስኮትም አላየችኝም።

ለሁለት ዓመት አልጻፈችልኝም። በ1978 ዓ.ም. ጽሑፏ በፖስታ መጣልኝ። ጽሑፏን የተከላከለችው አንድ ዓመት ዘግይታ ነው። ክዳን የሚባል ነገር በውስጡ የለም፤ መስኩ ክፍት መሆኑንና አዮኖቹ በጫፉ በኩል ምን ያህል እየፈጠኑ እንደሚወጡ የሚያሳይ፣ ስም ከላቦራቶሪ የማያወጣ ነገር ግን ትክክለኛ ሥራ ነበር። ዶክትሬቷን ሰጥተዋታል። በምስጋናው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «የመለኪያዬን ስህተት ያገኘችው የደባርቅ መምህርት ስንዱ ናት። ሥዕሉን በተማሪዎቿ ፊት እንዳየችው፣ በዚያው ደቂቃ ነገረችኝ።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ውሸቴን ወስዳ በመጽሐፏ ውስጥ እውነት አድርጋልኛለች። እኔ እርሷን ብሆን ይህን አላደርገውም ነበር፤ በዚህም እዚያው ቁጭ ብዬ ቀናሁባት፣ ከዶክትሬቱም ይበልጥ።

ጓድ ሻረው ስለ ትምህርት ቤታችን በውጭ አገር መጻፉን ሲሰማ ገጹን ወደ አማርኛ መልሼ በመምህራን ክፍል ግድግዳ ላይ እንድለጥፈው ጠየቀኝ። መለስኩት። ወረቀቱን ተቀብሎ ቆሞ አነበበ፤ ከዚያ መነጽሩን አወለቀ።

«ስህተቱን አይታ ዐሥራ አንድ ቀን ዝም ካለች በኋላ ነገረችኝ፤ ሩሲያኛው እንዲህ ነው እንዴ የሚለው?»

«አይልም» አልኩት። «በዚያው ደቂቃ ነው የሚለው። እኔ ነኝ ያረምኩት።»

«ይህ ከተለጠፈ ሰው ምን ይልሻል?»

«የፈለገውን ይበል» አልኩት። «በዚህም እንድትበልጠኝ አልፈልግም።»